ለሥዕሉ ሽማግሌ የተቀመጥነው ለቅሶ

ታዴ ሆዴ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ስል ሳቄ መጣ። ምን ብለህ ልትመልስልኝ ነው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ በአንድ ትራስ ተኝተው ምን ይጻፋል። አሁን ግን ያጋጠመንን ጉድ ለማን እንደምነግር ቸገረኝ። የሰማው ሁሉ ይስቃል፤ ካንተ እኩል የሚስቅልኝ ሰው ግን አጣሁ።

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። የሙት ዓመት አዝካራህን ለማውጣት ወንድሞችህ ከወዲሁ ይደዋወላሉ፤ ማን በግ ያምጣ፣ ማን ወንበር ይለምን እያሉ እንደ ልማዳቸው ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደህና ነኝ። ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ነበሩ፤ አለፉ፤ እነሱን አላነሳብህም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ስትሰድበው የኖርከው የሕንጻው ሊፍት አንተ ከሄድክ በኋላ ወር ሳይሞላ ተሠራ፤ መቼም ያንተ ዕድል። በረንዳው ላይ የተከልከው ሎሚ ፍሬ ያዘ። ያንተን የአውቶቡስ መስመር አሁን አንዲት ሩሲያዊት ትነዳዋለች፤ ከሮቫ አሌፍ ሰፈር እስከ ሮቫ ዩድ-አሌፍ አንዴ እንኳ ሳታንገጫግጨን ታደርሰናለች፣ አትቀየመኝ። እህትህ ወርቄ ጉልበቷን ታማለች፤ አንደበቷ ግን ድሮ እንደምታውቀው ነው። ሺራችን ደግሞ ሠራዊት ገባች። ዩኒፎርሙ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል፣ ቦርሳዋ ከሷ ይበልጣል፣ አረማመዷ ግን ያንተው ነው።

ያስጨነቀኝ የሷ ነገር ነበር። አንተ ካረፍክ ጀምሮ ስላንተ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለቅሶው ላይ እንኳ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የከረመችው። ሐሙስ ሐሙስ ከካምፕ ትመጣለች፣ ልብሷን ማጠቢያው ውስጥ ትወረውራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። እኔ "አባትሽ እኮ" ብዬ ከጀመርኩ ሻወር ልግባ ብላ ትነሳለች። አንዳንድ ሐሙስ ሦስት ጊዜ ትታጠባለች። እናንተ ሁለታችሁ የምትሞቱለትን የማንጋ፣ የዚያን የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ፣ መደርደሪያ ደግሞ ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው።

ባለፈው ወር ወደ ካምፕ ልትመለስ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ "ኢማ፣ ሐሙስ ስመጣ ማንጋዎቹን አወጣቸዋለሁ። ለቤተ መጻሕፍቱ እሰጣቸዋለሁ፣ ቦታ ይዘውብናል" አለችኝ። ቦታ አልያዙብንም። ከነሱ በላይ ያለው መደርደሪያ ባዶውን ነው። እነዚያ መጻሕፍት ከዚህ ቤት ከወጡ እኔና ልጄ ስላንተ ሳናወራ ልንኖር ነው ብዬ ፈራሁ። አትንኪያቸው ልላትም አልደፈርኩም፤ የሷም ናቸውና።

እንዴት እንደመጡብን አስታውሳለሁ። ከሥራ ስትገባ አንድ ጠርዙ የተቀዳደደ መጽሐፍ በብብትህ ይዘህ ነበር። ከአውቶቡስህ የኋላ ወንበር ላይ ተረስቶ አግኝተኸው፣ ከመሪው አጠገብ አስቀምጠህ ባለቤቱን ብትጠብቅ ብትጠብቅ የሚጠይቅ ጠፋ። ሺራ ያኔ ገና ትንሽ ናት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ ይሄ እኮ የረጅም ታሪክ አሥራ ሰባተኛው ቅጽ ነው፣ ከመሃል ተጀምሮ ምንም አይገባህም አለችህ። አንተ ግን ሹፌር ነህ። "ሰው አውቶቡስ የሚሳፈረው ከመሃል ነው። ከመነሻው ካልሆነ አልገባም ብሎ ፌርማታ ላይ የቀረ ሰው እስካሁን አላየሁም" አልካት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላችሁ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፣ ዕብራይስጡ ቶሎ አይነበብልህምና እሷ ታነባለች፣ አንተ ሥዕሉን ታያለህ። ያልገባህን ሁሉ ከራስህ ፈጥረህ ትሞላዋለህ። ይሄኛው ከዚያኛው የተጣላው በርስት ነው፣ ይቺ ደግሞ የሱ እህት ናት፣ በሕፃንነቷ ነው የጠፋችው ትላለህ። በኋላ ሺራ የፊተኞቹን ቅጾች አሰባስባ ስታነብልህ ነገሩ እንዳልከው ሳይሆን ቀረ። ደራሲው ነው የተሳሳተው፣ የኔ ይሻል ነበር ብለህ ሁለት ቀን አኮረፍክ። የጃፓኖቹ ስም ለምላስህ አልመችህ ሲል ለሁሉም ስም አወጣህላቸው። መዶሻ የሚይዘው ልጅ ጎበዜ ተባለ። ራሱን በጨርቅ የጠመጠመው ሽማግሌ አስተማሪው አባ ጥምጥም። የሁሉ ጠላት የሆነው ጥቁር ለባሹ ደግሞ ሞሪስ። ለምን ሞሪስ እንደተባለ የገባኝ ጡረታ በወጣህ ዕለት ነው፤ ሁልጊዜ የቅዳሜ ማታ ፈረቃ የሚሰጥህ አለቃህ ኖሯል። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ "እነዚህ ሰዎች ዛሬም አልታረቁም?" እያልኩ አሾፍባችሁ ነበር። አልታረቁም። እስካሁንም አልታረቁም።

ሐሙስ ደረሰ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራዬ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሺራ ሳትደርስ አንዱን ብቻ አይቼ ልሰናበታቸው አልኩ። ከአንደኛው ልጀምር ብል ለዓመትም አላዳርሰው። አንተ ሆስፒታል ስትገባ የጀመራችሁት ቅጽ የአውቶቡስ ትኬት እንደተሰካበት መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነበር፤ እሱን ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ጸሎት መጽሐፋችን እንደ ሲዱር ከቀኝ ነው የሚከፈተው፣ በዚህ እንኳ አልተቸገርኩም። ሌላው ሁሉ ግን ዞረብኝ። ማን ከማን እንደሚወግን፣ ማን በማን ላይ እንደሚጮህ፣ አንዱ ሲቆጣ ገጹ ሁሉ ለምን እንደሚጠቁር አልገባኝም። ሠርግ ቤት ዘግይቶ እንደገባ ሰው ፊቴ የመጣውን ሁሉ ዝም ብዬ እያየሁ ገለጥኩ።

የማውቀውን ሰው ያገኘሁት መሃሉ ገደማ ነው። ጥምጥሙን ሳይ ብቻዬን "እርስዎ ነዎት እንዴ" አልኩ። አባ ጥምጥም ድልድይ ላይ ቆመዋል። ከወዲያ የሞሪስ ሠራዊት፣ ከወዲህ ጎበዜና ጓደኞቹ። ሽማግሌው ልጆቹን እናንተ እለፉ ብለው ሰደዱና ብቻቸውን ቀሩ። ብዙ ገጽ ሙሉ በትራቸውን ይዘው መከቱ። በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ቁጭ አሉ፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፣ ዓይናቸውን ከደኑ። ቀጥሎ ያለው ገጽ አንድም ጽሕፈት የለበትም፣ ዝናብ ብቻ ነው።

ታዴ፣ አለቀስኩ። ላንተ ለቅሶ ጊዜ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ፣ ወንበር ሲጎድል ውሃ ሲያልቅ፣ በወጉ ሳላለቅስ ነው ያለፈው። ያን ቀን ለአባ ጥምጥም እምባዬን ዘረገፍኩት፤ ግማሹ ያንተ ነበር።

በዚህ መሃል ወርቄ ደወለች። ድምፄን ሰምታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሳላስበው "ሽማግሌው ሞቱ" አልኳት። የትኛው ሽማግሌ ስትለኝ ነው የነቃሁት። በዚህ ዕድሜዬ ለሥዕል አለቀስኩ ብዬ እንዴት ልንገራት። "አይ፣ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

እኛን ታውቀናለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሞቶበት የሚደብቅ ሰው የሚለው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ። አባቴ ሸምግለዋል፣ ነታንያ ከተማ ወንድሜ ቤት ናቸው። ወርቄ አንዱን ከአንዱ ገጣጠመችና ነገሩን ጨረሰችው። ነታንያ ደውላ እንዳታጣራ ነውር ነው፤ ከቤተሰቡ ያልሰማ ቢኖር በሷ አፍ ሊሰማ ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ለምታውቀው ሰው ሁሉ፣ የታዴ ትርንጎ ቤት ድረሱ፣ ብቻ ድረሱ አለች። እነሱም ለምን ብለው አልጠየቁም፤ አይጠየቅምና።

ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። ፊት ወርቄ፣ ቀጥሎ የሕንጻችን ሽማግሌ አባ በላይ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከኋላ ወንበር የተሸከመ፣ ድስት ያቀፈ። ማንም አይናገርም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጄ ደግሞ ዩኒፎርም ለብሳ መንገድ ላይ ናት። "ሺራዬን" ብዬ እሪ አልኩ። እኔ ስጮህ እነሱም ጮሁ። ወርቄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አባትሽን፣ አባትሽን" ትላለች። ልጄ እንዳልሆነች ስሰማ ወደ አባቴ ዞሬ ለሳቸው ደግሞ አዲስ ጩኸት ጀመርኩ። እነሱ ሀዘኔን ሰምተው የመጡ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ሊያረዱኝ የመጡ መስሎኛል፤ እንዲሁ ተቃቅፈን እንላቀሳለን።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ከነታንያ ነው። አባ በላይ፣ የቀብሩን ሰዓት ሊነግሩን ይሆናል ብለው እንደ ትልቅ ሰው አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ወዲያው ፊታቸው ተለዋወጠ። "ማን ልበል?" አሉ። እንደገና አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው፣ "ሟቹ ናቸው። ትርንጎን አቅርቡልኝ ይላሉ" አሉ።

አባቴ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚደውሉ ታውቃለህ። "ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት፣ ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወደኔ ዞሯል። በኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁባቸው። ይህን እንዳልኩ ደግሞ አሁን እሳቸውም ነጠላ አዘቅዝቀው ይመጡብኝ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

ሺራ የደረሰችው ያኔ ነው። ከታች ጀምራ የሰውን ብዛት፣ የሚወጣውን ወንበር አይታ፣ ሊፍቱን ሳትጠብቅ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣችው። ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ሰውን እየገፋች ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ኢማ፣ ማ ካራ? ምን ሆነ? ማን ነው?" እያለች ትከሻዬን ያዘች። ልጅ በዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ስትገባ ማየት ለጠላትም አይስጥ። ቶሎ ልገላግላት ፈለግኩ፣ ሰበብ ግን አልመጣልኝም። መጽሐፉን ከበረንዳው አምጥቼ ዝናቡ ያለበትን ገጽ ገለጥኩላት። "አባ ጥምጥም ሞቱ" አልኳት።

ገጹን አየች። እኔን አየች። አባ በላይን ከነስልኩ፣ ወርቄን ከነጠላዋ አየች። ከዚያ ሳቀች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ እምባዋ እየወረደ ሳቀች። "ኢማ፣ እሳቸው እኮ ሁልጊዜ ነው የሚሞቱት። ይሄ ሦስተኛው ነው። አባዬም በመጀመሪያው አልቅሶ ነበር፣ ሽንኩርት ነው ብሎ ዋሸኝ፤ በረንዳ ላይ ምን ሽንኩርት አለ?" አለች።

አባዬ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቃል ከአፏ ስሰማ ያ ሁሉ ሰው ባይኖር እልል እል ነበር።

ለቅሶ የመጣ ሰው እንዲሁ ብድግ ብሎ አይሄድም። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ድስቱ ምድጃ ላይ ወጥቷል። ወርቄ፣ ለወረቀት ሰው ነው በጉልበቴ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ብላ መጀመሪያ ላይ አንቃ ልትገድለኝ ነበር። ሊፍቱ ተሠርቷል ብላት ባሰባት። አባ በላይ ግን ተደላድለው ተቀመጡና ሺራን፣ "ልጄ፣ መቼም አልቅሰናል። ያለቀስንለትን ሰው እንወቀው እንጂ። የማን ልጅ ነው?" አሏት።

"አባ በላይ፣ ሲድራው፣ ማለቴ ተከታታዩ፣ በጣም ረጅም ነው፣ ከመጀመሪያው ካልነገርኩዎ…" ብላ ጀመረችና አቆመች። "ግድ የለም፣ ከመሃል ይግቡ፤ ቦታ አለ" አለቻቸው። ያንተን ቃል በአፏ ስሰማ ወደ ወጥ ቤት ሄጄ የታጠበ ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

ከዚያ እስኪመሽ አወራችልን። ጎበዜ መዶሻውን ከማን እንደወረሰ፣ አባ ጥምጥም ድሮ የሞሪስ አስተማሪ እንደነበሩ፣ ድልድዩ ለምን መያዝ እንደነበረበት። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር፣ "መጽሐፉ የሚለው ይሄን ነው፣ አባዬ ግን እንዲህ ነበር የሚለው" ትልና ያንተን ትጨምራለች። ድምፅህን ታስመስላለች፤ ጉሮሮህን የምትጠርገውን ሳይቀር። አባ በላይ የሰዉን ሁሉ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩና ጎበዜ ከሚወዳት ልጅ ጋር በአምስተኛው ቤት ይገናኛል፣ ስለዚህ ጋብቻው አይሆንም ብለው ፈረዱ። ሺራ፣ ልጅቷ ዘመዱ ናት የሚለው የአባዬ ፈጠራ ነው እንጂ መጽሐፉ ላይ ዘመድ አይደሉም ብትላቸው አልተመለሱም። ወርቄ፣ ወንድሜ ያለውን ነው የማምነው አለች። ሌላውም ተስማማ። ደራሲው ብቻውን ቀረ ታዴ። ቤቱ ሙሉ ሰው ያንተን መረጠ።

ሰው ድስቱን እየሰበሰበ ሲወጣ፣ ለአባ ጥምጥም ነፍስ ይማር ያሉ ነበሩ። አባ በላይ ደግሞ በር ላይ ቆመው፣ ሲነሱ ንገሩን አሉ። ሁሉም ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ሺራ መደርደሪያው ፊት ቆመች። እኔ ወንበር የማስተካክል መስዬ አያታለሁ። መጽሐፉን ወደ ቦታው መለሰችው፣ ጎኑ ያሉትንም በእጇ አስተካከለቻቸው። "ቤተ መጻሕፍቱስ?" አልኳት በመጨረሻ። "እነሱ ጋ ቦታ የለም" አለችኝ፣ ሳትዞር።

አሁን አርብ አርብ ሻባት ሳይገባ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። አንተ ካረፍክ ወዲህ የወጡትን አዳዲስ ቅጾች ገዝታ መጥታለች። እሷ ታነባለች፣ እኔ ይሄ ማነው፣ ያ ማነው እያልኩ አላስነብባትም። ትቆጣኛለች፣ ግን ትነግረኛለች። ስለ እያንዳንዱ ሰው ያልከውን ሁሉ ታውቀዋለች። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ እያሾፍኩ ያለፈኝን ነገር ሁሉ አሁን እየተነገረኝ ነው፤ አንተ ስለ ሞሪስ እናት ያወጣኸውን ታሪክ ስሰማ ሻይ አስተፋኸኝ። አንዳንዴ እናለቅሳለን፣ አልደብቅህም። ብዙውን ጊዜ ግን እንስቃለን፣ ጎረቤቱም ለምዶናል።

አልረሳህም። ሺራ አንድ ገጽ በገለጠች ቁጥር አባትሽ እዚህ ጋ ምን ይል ነበር እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ አንተ ሳታይ የወጡትን ደግሞ እኔ አንድ ሳልዘል እያየሁልህ ነው። መቼም ስንገናኝ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀኝ እንዴት አለቀ ብለህ ነው፣ አውቅሃለሁ። መጨረሻውን ሳላውቅ ባዶ እጄን አልመጣብህም። ሺራ እንደምትለው ደግሞ ደራሲው ገና ወጣት ነው፣ ታሪኩም ገና ግማሹ ነው። እንግዲህ ታገሰኝ ሆዴ፤ ቶሎ አትጠብቀኝ።

ያንተዋ ትርንጎ
ከሮቫ ቴት፣ አሽዶድ